ፕሪሙላችን ለምን ዘር አጣች?

አምና ከብድር ሣጥናችን ወስደን የገዛናቸው ፕሪሙላዎች አብበው ዘር ሳይዙ ሲቀሩ መዝገቡ ላይ ኪሳራ ብለን ጻፍን። ውሃውንም ፍጉንም ወቀስን። ለካ ሁሉም ከአንዲት እናት ተክል የተከፈሉ ኖረዋል!

ፕሪሙላ ሁለት ዓይነት አበባ አላት። በአንደኛው መሐል እንደ ስፒል ራስ ያለች አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ትላለች፤ በሌላው የሚታየው ቢጫው ብናኝ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ዘሩ እምብዛም አይቋጠርም። አንዲት እናታችን ሁለተኛውን ዓይነት ከጓሯቸው አመጡልን፤ በቀጭን ብሩሽ ብናኙን አዳረስን። ዘሩ ብርሃን ስለሚሻ አፈር አላለበስነውም። የፕሪሙላ ዘመድ በሰሜን ተራሮቻችን እርጥብ ገደል ላይ ይበቅላል፤ እኛም ጥላና እርጥበት አላጓደልንም። ዛሬ 43 ችግኝ አለን። የብድሩ ግማሽ ግን ገና አልተመለሰም፤ መዝገቡን ያላረምነውም ለዚሁ ነው።