የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ድልድዮችና ዋሻዎች

ከአዋሽ ተነስቶ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ሥራውን የያዘው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ነው።

መስመሩ ከአዋሽ ቆላ ወደ ወሎ ደጋ ግርጌ ይወጣል። የባቡር መንኮራኩርም ሐዲድም ብረት በመሆናቸው ቶሎ ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህ ከባድ የጭነት ባቡር በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ይቸግረዋል። መኪና ጋራውን እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ ባቡር ግን ሰፊ መታጠፊያ ይፈልጋል። ሸለቆው በድልድይ፣ ጋራው በዋሻ የሚታለፈው ለዚህ ነው።

ዋሻ ሲቆፈር መጀመሪያ አለቱ በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ቀዳዳዎቹ ፈንጂ ተሞልተው ይፈነዳሉ፤ ፍርስራሹም ተጠርጎ ይወጣል። ወዲያው ግድግዳውና ጣሪያው ላይ ኮንክሪት በግፊት ይረጫል፣ ረጃጅም ብረቶችም አለቱ ውስጥ ይቀበራሉ። በመጨረሻ ውሃ የማያስገባ ሽፋንና ቋሚ የኮንክሪት ግድግዳ ይሠራል።

ለድልድይ ደግሞ የምሰሶዎቹ መሠረት ጎርፍ ከሚሸረሽረው አፈር በታች እስከ ጠንካራ መሬት መውረድ አለበት። ኮንክሪት በሙቀት ስለሚለጠጥ፣ አግዳሚው ትንሽ እንዲንቀሳቀስ በሚፈቅድ መቀመጫ ላይ ያርፋል።

እንደ ቦርከና ያሉ የአካባቢው ወንዞች በክረምት ደለልና ድንጋይ ይዘው ይወርዳሉ። ስለዚህ የድልድዮችና የቦዮች መተላለፊያ ከዝናቡ በፊት ሊጠረግ፣ የምሰሶ ሥርም ከጎርፍ በኋላ ሊፈተሽ ይገባል።