ለአሮጌ መኪና ሻንሲ ስለ መምረጥ
(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን በመካኒክ ክበብ አባሎች የተነገረ)



ክበባችን አንድ አሮጌ ሸቭሮሌ 3100 ፒክ አፕ ለማደስ መነሣቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። መኪናው በአሜሪካ ከ1947 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ወገን ነው። ጋቢናውና ፓራፋንጎው ደኅና ናቸው፤ ሻንሲውን ግን ዝገት በልቶታል። ስለዚህ ከሌላ መኪና ሻንሲ መውሰድ ግድ ሆኖብናል።

ሻንሲ ለመኪና እንደ አከርካሪ ነው። ሞተሩም፣ ጋቢናውም፣ ጭነቱም የሚያርፉት በእርሱ ላይ ነው። ቀለም ቢበላሽ እንደ ገና ይቀባል፤ ሻንሲ በመንገድ ላይ ቢሰበር ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነውና ምርጫው ጥንቃቄ ያሻዋል።

አንደኛ፣ ሻንሲው ለብቻው የሚነሣ መሆን አለበት። የብዙዎቹ የቤት መኪናዎች አካልና ሻንሲ አንድ ሆኖ ስለሚሠራ ከእነርሱ የሚወሰድ የለም። ስለዚህ ፊታችንን ወደ ፒክ አፖች መለስን።

ሁለተኛ፣ ልኩ ነው። የሸቭሮሌው ከፊት ጎማ መካከል እስከ ኋላ ጎማ መካከል 295 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ያየነው የሃይሉክስ ሻንሲ 285 ገደማ ሲሆን፣ የላንድ ክሩዘር 75 ግን 298 ነው። ሃይሉክሱ በዋጋ ይረክሳል፤ ዳሩ ግን ለማስረዘም ተቆርጦ መበየድ አለበት፣ ብየዳውም የሚውለው ጭነት በሚበረታበት ቦታ ላይ ነው። በላንድ ክሩዘሩ ላይ ግን የጋቢናውንና የሳጥኑን ማረፊያዎች ብቻ አዲስ መሥራት ይበቃል። የግራና የቀኝ ጎማዎች ርቀትም ከፓራፋንጎው ጋር መመሳከር አለበት።

ሦስተኛ፣ ቀናነቱ ነው። ሻንሲውን በተስተካከለ ወለል ላይ አቁመን ከአራቱ ማእዘኖች ቱንቢ እንጥላለን፤ ነጥቦቹን በጠመኔ ምልክት አድርገን ከማእዘን ወደ ማእዘን አግድም እንለካለን። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው በግጭት ተጣሟል ማለት ነው። ከዚያም በመዶሻ እናንኳኳዋለን፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ዝገት የበላው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል።

አራተኛ፣ ወረቀቱ ነው። በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። እጅግ ርካሽ የሆነ ሌላ ሻንሲ ቀርቦልን ነበር፤ ቁጥሩ ግን በሞረድ ተፍቋል። እኛም አልተቀበልንም። የተሰረቀ ዕቃ ቢሆንስ? የትምህርት ቤታችን ስም ከሻንሲ ዋጋ ይበልጣል።

በዚህ ሁሉ መዝነን ላንድ ክሩዘሩን መርጠናል። የአሮጌው ሸቭሮሌ ፍሬን አንድ ቧንቧው ቢፈነዳ በሙሉ ይጠፋ ነበር፤ የአዲሱ ግን በሁለት የተከፈለ በመሆኑ ግማሹ ይቀራል። ሻንሲው ከመለወጡ አስቀድሞ ለሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እናመለክታለን። የዋጋውን ልዩነት ደግሞ በክረምቱ ዕረፍት ሠርተን ለመሙላት ተስማምተናል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ይህ መኪና አንድ ቀን ልጆቻችሁን ጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ ከሚያብረቀርቀው ቀለም ይልቅ ከሥር ያለውን ብረት እንድትጠይቁን እንለምናለን።