የቀበሌ ኪነት ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር?

(አዲሱ ገበያ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ ስለ ገንዘብ ነው የማወራው። ስለ ባህላችን ታላቅነት ብዙ ተናግረናል፤ ፕሮፋይላችንን ሁሉ በጥበብ ልብስ ሞልተነዋል። ጥበቡን የሚሸምነው፣ ክራሩን የሚመታው፣ ድራማውን የሚጽፈው ልጅ ምን በልቶ እንደሚያድር ግን ማንም አይጠይቅም። እኛም አንጠይቅም።

ቤታችሁ የድሮ ጨዋታ ሲነሳ «የቀበሌ ኪነት» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? የእናት አባቶቻችን ትውልድ በሰፈሩ አዳራሽ የዘፈነበት፣ ቲያትር የሠራበት ማለት ነው። ይሄ ነገር ዝም ብሎ አልበቀለም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች ቀበሌ እጅ ገቡ። (አወራረሱ ስንቱን ቤተሰብ እንዳስለቀሰ አውቃለሁ፤ እሱ ሌላ ቀን ይነሳ።) ልብ በሉልኝ፦ ቀበሌው የራሱ ገቢ ነበረው፣ የሰፈሩ ኪራይ ለሰፈሩ ሥራ ይውል ነበር፣ ኪነቱም የበቀለው እንዲህ የራሱ ኪስ ባለው ቀበሌ ውስጥ ነው። ከፍ ሲል ደግሞ በክፍለ ሀገር ደረጃ የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ ነበሩ። ማሪቱ ለገሠን ያገኘናት ከላሊበላ ነው። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብሎ አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን የዞረው ቡድን፣ ዓለም በ1977ቱ ረሃብ ብቻ የሚያውቃትን አገር በዘፈንና በጭፈራ አሳይቶ ተመለሰ።

ታዲያ ወደዚያ እንመለስ ወይ? በፍጹም! ገንዘቡን የሚሰጠው ክፍል ግጥሙንም ያዝ ነበር። መፈክር የሌለበት መድረክ አይታሰብም። እኔ እንደሚመስለኝ በ1983 መንግሥቱ ሲወድቅ ያ የሰፈር ኪነት አብሮ የተዳከመው ለዚህ ነው፤ የሕዝቡ ሳይሆን የመንግሥት አፍ ተደርጎ ታየ። እኛ ልናስቀረው የሚገባን የገንዘቡን መንገድ እንጂ መፈክሩን አይደለም።

ከዚያ በኋላስ ማን ከፈለ? ፈረንጅ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ «አዱኛ» የሚባል የዳንስ ቡድን ተጀመረ። ሮይስተን ማልዱም የተባለ ከብሪታንያ የመጣ የዳንስ አስተማሪ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ አሠለጠነ፤ ልጆቹ ደግሞ በተራቸው ሰፈር ለሰፈር እየሄዱ ሌሎችን አስተማሩ። ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ ከዚያ ወጥተው «ዴስቲኖ»ን አቋቋሙ። ሥራው ያኮራል፤ ያስተማረንንም እናመሰግናለን። ግን የራሳችን ከተማ የራሷን ልጆች በራሷ ገንዘብ ይህን ማድረግ አቅቷት ነው? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በለጋሽ ገንዘብ የቆመ ነገር ለጋሹ ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም አይተናል።

አሁን ያለውን ልንገራችሁ። እኔ ቲያትር ተምሬ፣ ዲግሪዬን ይዤ ቤት ቁጭ ያልኩ ሰው ነኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል አጭር ድራማ ብሎ ጠራን። ሦስት ሳምንት ተለማመድን። በዕለቱ የተከፈለን ቲሸርትና ምሳ ነው! ባነሩ ከእኛ ሁላችን ድምር ይበልጥ ነበር። ገንዘብ የለም እንዳይሉን፣ ገንዘቡ አለ፤ የሚወጣው ግን ለአንድ ቀን ነው።

«ተደራጁና ተበደሩ» የሚል መልስም አለ። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመድቦ ነበር፤ ለዶሮ እርባታ፣ ለብሎኬት ሥራ ጥሩ ነው። አሁን እስቲ አስቡት፦ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው በየቀኑ ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶች አሉ። ከእነሱ ጋር ዓመት ሙሉ ተቀምጠን ሕይወታቸውን ራሳቸው የሚጫወቱበት ቲያትር ብንሠራ፣ ብድሩን ከምን እንመልሳለን? ቲኬቱን ለማን እንሸጣለን፣ ለእነሱ ለራሳቸው? ይሄ ሥራ የሚፈልገው በጀት ነው፣ ልክ ቤተ መጻሕፍት በጀት እንደሚያስፈልገው።

ሌላ አገር ተሠርቷል። ብራዚል ውስጥ በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ዘፋኙ ጊልቤርቶ ጊል የባህል ሚኒስትር በነበረ ጊዜ «የባህል ነጥቦች» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። መንግሥት አዲስ አዳራሽ ልገንባ አላለም። ድሃ ሰፈር ውስጥ ቀድሞውኑ የሚሠሩ ቡድኖችን በውድድር መርጦ በስምምነት ገንዘብ ሰጣቸው፣ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ። እኛ ስንት ድራማ ክበብ፣ ስንት ሰርከስ፣ ስንት የሙዚቃ ቡድን በየግቢው አለን?

«ውሃ በፈረቃ እየመጣ፣ ዘይትና ጤፍ እንዲህ ሆኖ ስለ ቲያትር ታወራለህ» የሚለኝ አለ። ጎረቤቴ ጋሼም ብለውኛል፤ አልተቆጣሁም። ግን ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ፣ ቀጨኔ ያለችው ሸክላ ሠሪ፣ እነሱስ እንጀራቸው ጥበብ አይደለም እንዴ? አንድ የተማረ ሠዓሊ ከሸማኔዎቹ ጋር ዓመት ተቀምጦ አዲስ ጥለት ቢያወጣ፣ ከውጭ ፋብሪካ ታትሞ ከሚገባው «የሐበሻ» ጨርቅ ጋር ይፎካከሩበት ነበር። ባህላችን ተሰረቀ እያልን ቲክቶክ ላይ ከምንጮህ ይሄ አይሻልም?

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነው። ወረዳው ለባህል የመደበው ስንት እንደሆነ በግልጽ ይለጠፍ። ከዚያ ላይ የተወሰነው ለአንድ ቀን በዓል መሆኑ ቀርቶ ከነዋሪ ጋር ለሚሠራ ባለሙያ የዓመት ውል ይሁን። መራጩ ኮሚቴ ውስጥ ካድሬ ብቻ ሳይሆን እድሩ፣ ሸማኔው፣ መምህሩ ይግቡ። ይዘቱን ማንም አይዘዝ፤ እኛም ብንሆን፣ ይሄ ማኅበራችንም ቢሆን አይዘዝ። ይሄ የመጨረሻው ለአንዳንዶቻችሁ እንደማይጥም አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልለቀውም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብንሄድ «በጀቱ ተዘግቷል» ነው መልሱ። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ፊርማ መሰብሰቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እስክሪብቶ የያዛችሁ አዋሱ፣ አንድ ብቻ ነው ያለን።