«ከዚያ» እና «ስለዚህ»፦ ታሪካችንን እንዴት እንጻፍ?

(በአባላት የጽሑፍ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ለዜና መጽሔታችን ታሪካችሁን ጻፉልን ስንል ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ «እኔ ደግሞ ምን የሚጻፍ ታሪክ አለኝ?» የሚል ነው። የዛሬው ንግግር ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ነው። በሒሳብ ክፍል የምንሠራ አባላት ስለ ታሪክ አጻጻፍ እንድንናገር ስንመደብ «ቁጥር ደማሪ ስለ ድርሰት ምን ያውቃል?» ብለው የቀለዱብን አልጠፉም። ነገር ግን የሒሳብ መዝገብም ታሪክ ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ለምን ወጣ፣ በመጨረሻስ ምን ቀረ የሚለውን በቅደም ተከተል የማይናገር መዝገብ ኦዲተር ፊት አይቆምም። የሰው ታሪክም እንዲሁ ነው።

ለማሳያ የመረጥነው «ዘ ኢንክሬዲብልስ» የተባለውን የአኒሜሽን ፊልም ነው። ልጆች ያሉን ብዙዎቻችን ከልጆቻችን ጋር ደጋግመን አይተነዋል፤ ያላየም ታሪኩን ስለምንናገር አይቸገርም። ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የፊልም ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ያወጣው ሲሆን፣ ጽፎ ያዘጋጀው ብራድ በርድ ነው። ሁለት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ በድርሰቱም ለኦስካር ታጭቶ ነበር። ጉልበተኛ አባት፣ እንደ ላስቲክ የምትለጠጥ እናት፣ ከዓይን የምትሰወር ልጅ፣ እንደ ነፋስ የሚሮጥ ልጅና ምን እንደሚወጣው ገና ያልታወቀ ሕፃን ያሉበት የልዕለ ጀግኖች ቤተሰብ ታሪክ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ኃይላቸው ከቤት ውስጥ ኑሯቸው የተወሰደ ነው። በሁሉም አቅጣጫ የማትለጠጥ እናት ማን ናት?

በትምህርት ቤት «ሴራ» የሚባል ነገር ተምረናል። እዚህ ላይ ተንኮል ማለት አይደለም፤ በታሪክ ውስጥ ድርጊቶች እርስ በርስ የሚያያዙበት ሰንሰለት ነው። ሴራው ጠንካራ መሆኑን የምንለካበት ቀላል መንገድ አለ። በሁለት ድርጊቶች መካከል «ከዚያ» ብቻ የሚገባ ከሆነ ታሪኩ ዝርዝር ነው። «ስለዚህ» የሚገባ ከሆነ ግን አንዱ ሌላውን ወልዷል ማለት ነው። ይህንን ፊልም በዚህ መለኪያ እንየው።

ሲጀምር አባትየው ቦብ፣ በጀግንነት ስሙ ሚስተር ኢንክሬዲብል፣ ወደ ገዛ ሠርጉ እየሄደ ነው። በመንገዱ ላይ የአንዲት አሮጊት ድመት ከዛፍ ያወርዳል፣ ሌባ ይይዛል፣ ከፎቅ ራሱን የወረወረ ሰው አየር ላይ ይቀልባል፣ ሐዲዱ የፈረሰበትን ባቡር በገላው ያቆማል። በዲ የሚባል ልጅ «ረዳትህ ልሁን» ብሎ ሲከተለው ግን ብቻውን እንደሚሠራ ነግሮ ያባርረዋል። ቀጥሎ ምን ይሆናል? ራሱን ሊያጠፋ የነበረው ሰው ያለፈቃዴ አዳነኝ ብሎ ይከሰዋል። በባቡሩ ውስጥ የተጎዱትም ይከሳሉ። ስለዚህ በሌሎች ጀግኖችም ላይ ክስ ይጎርፋል። ስለዚህ ጀግኖቹ ሁሉ ማንነታቸውን ደብቀው እንደ ተራ ሰው እንዲኖሩ ይደረጋል።

እንግዲህ አዳኝ መጥቶ ሲያድን የሚያልቅ ታሪክ ብዙ አይተናል። ይህኛው ግን ከማዳኑ ይጀምራል፤ የዳነውም ሰው የራሱ አሳብ ያለው ሰው እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ያሳየናል። ይህንን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

15 ዓመት ያልፋል። ቦብ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ታጉሮ ይሠራል። ካሳ የተከለከሉ አሮጊት ሲመጡበት በየትኛው ደንብ፣ በየትኛው ቅጽ ማመልከት እንደሚችሉ በሹክሹክታ ይነግራቸዋል። አለቃው ይህን አይወድለትም። አንድ ቀን አለቃው እየተቆጣው ሳለ በመስኮት አንድ ሰው ሲዘረፍ ያያል፤ ሊረዳው ሲነሣ ብትወጣ ከሥራ ትባረራለህ ይባላል። ይታገሣል፤ ዘራፊው ያመልጣል። ስለዚህ ንዴቱ ይገነፍልና አለቃውን በግድግዳ አሳልፎ ይወረውረዋል፤ ከሥራም ይባረራል። ይህን ለባለቤቱ ለሄለን አይነግራትም። ስለዚህ በዚያው ቀን ከማያውቃት ሴት በምስጢር የመጣለትን የዓመት ደመወዙን ሦስት እጥፍ የሚያስገኝ ሥራ ይቀበላል። ሥራውም ሩቅ ደሴት ላይ ካበደ ሮቦት ጋር መዋጋት ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ለባብሶ ወደ ቢሮው የሚሄድ እየመሰለ ይወጣል።

እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህንን ስናይ ወዲያው የሚታየን ያልተመዘገበ ዕዳ ነው። ያልተመዘገበ ዕዳ አይጠፋም፤ ወለዱን እየጨመረ ይቆያል እንጂ።

ዕዳውን ያገኘችው ሄለን ናት። በጀግንነት ዘመኗ ኢላስቲገርል ትባል ነበር። መጀመሪያ በባሏ ልብስ ላይ የሌላ ሴት ፀጉር ታያለች። ቀጥሎ አሮጌው የጀግንነት ልብሱ ተቀዶ እንደተጠቀመ ታያለች፤ ስፌቱን ዓይታ የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ለልብስ ሠሪዋ ለኤድና ትደውላለች። ወደ መሥሪያ ቤቱ ስትደውል ደግሞ ባሏ ከተባረረ ሁለት ወር ሊሞላው እንደሆነ ትሰማለች። ኤድና በልብሱ ውስጥ የሰፋችው መጠቆሚያ መሣሪያ አለ፤ ሄለን ቁልፉን ስትጫን ባሏ የት እንዳለ ይታወቃል። ነገር ግን መሣሪያው እዚያ ደሴት ላይ ይጮኻልና ተደብቆ የነበረው ቦብ በጠላቶቹ እጅ ይወድቃል።

ይህች ቁልፍ የታሪኩ መካከል ናት። ሄለን እውነቱን መፈለጓ ትክክል ነበር፤ ቢሆንም ዋጋ አስከፈለ። ፊልሙ እውነት በወጣ ጊዜ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብሎ አያታልለንም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ የዘገየ መድኃኒትም ያማል።

ስለዚህ ሄለን አውሮፕላን እያበረረች ባሏን ፍለጋ ትነሣለች፤ ልጆቹ ተደብቀው ይሳፈራሉ። ሚሳኤል ሲተኮስባቸው ሄለን ልጇን ቫዮሌትን አውሮፕላኑን በኃይሏ ከልዪው ትላታለች። ቫዮሌት ያንን የሚያህል ነገር ከልላ አታውቅም፤ አይሆንላትም። ኃይላችሁን እንዳትጠቀሙ ብላ ያሳደገቻቸውም ሄለን ራሷ ናት። አውሮፕላኑ ይፈነዳል። እናት ተለጥጣ ጃንጥላ ትሆናለች፣ ባሕር ላይ ጀልባ ትሆናለች፣ ሯጩ ዳሽ በእግሩ ሞተር ይሆናል። በደሴቱ ላይ ተኩስ ሲከፈት ቫዮሌት በዚያ አውሮፕላን ላይ ያቃታትን ሠርታ ወንድሟን ትከልለዋለች። ተአምር ወርዶላት አይደለም፤ ስለቻለች ሳይሆን ስለሞከረች ቻለች።

የታሪኩ ጡዘት ከተማ ውስጥ ነው። ሮቦቱ እየተዋጋ የሚማር ነው፤ ጉልበት ብቻ አያሸንፈውም። ቦብ ቤተሰቡን ትቶ ብቻውን ሊገጥመው ይነሣል። ሄለን ለምን ስትለው፣ ዳግመኛ ላጣችሁ አልችልም፣ ለዚያ የሚሆን ጉልበት የለኝም ይላታል። እርሷም አብረን ከሠራን ጉልበቱ አያስፈልግህም ትለዋለች። በመጀመሪያ በዲን «ብቻዬን ነው የምሠራው» ብሎ ያባረረው ሰው ሒሳቡ እዚህ ላይ ይዘጋል። የሮቦቱ መቆጣጠሪያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወንድም ወደ እህት እጅ ይዞራል። ቦብ የሮቦቱን የራሱን ጥፍር ይዞ ያነጣጥራል፤ ሄለን ሮቦቱ በደንብ እስኪቀርብ ታግሣ ቁልፉን ትጫናለች። ጥፍሩ ሮቦቱን ወግቶ ይጥለዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል አይሆንም ነበር።

ጠላታቸው ማን እንደሆነስ? ያ የተባረረው በዲ ነው፤ አድጎ ሲንድሮም ተብሏል። ዕቅዱ እንዲህ ነበር፦ አደገኛ ሮቦት ሠርቶ በከተማው ላይ መልቀቅ፣ ሕዝቡ ሲንቀጠቀጥ ብቅ ብሎ ማሸነፍ፣ ጀግና ተብሎ መጨብጨብ። ራሱ ባነደደው እሳት ራሱ አጥፊ መሆን ማለት ነው። ሮቦቱ ግን መቆጣጠሪያውን ከእጁ ላይ ተኩሶ ያስጥለዋል። በመጨረሻም ካባው በአውሮፕላን ሞተር ተስቦ ይጠፋል። ካባ ገዳይ እንደሆነ ኤድና ቀድማ ለቦብ ስትናገር ሰምተን ስቀን ነበር። ጥሩ ታሪክ ላይ መጀመሪያ የተመዘገበ ነገር መጨረሻ ላይ ይወራረዳል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንግዶች መጥተው ስለ አንዲት እህታችን ጽፈው ነበር። ጽሑፉ በአጭሩ ይህ ነው፦ ችግረኛ ነበረች፤ ከዚያ ብድር ተሰጣት፤ ከዚያ ሕይወቷ ተለወጠ። ለእህታችን ስናነብላት ዝም ብላ ሰማችና «ይቺ ሴት ማን ናት?» አለችን። ውሸት የለበትም፤ እርሷ ግን አልነበረችበትም።

የእርሷ ታሪክ በ«ስለዚህ» ሲጻፍ እንዲህ ነው። ከመበደሯ በፊት ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቆጥባለች። ስለዚህ ቡድኗ አምኖ አበደራትና የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ እንጀራ ለሆቴሎች ማቅረብ ጀመረች። በክረምት ምጣዱ ተቃጠለ። ስለዚህ ደንበኞቿ ወደ ሌላ ሄዱ፣ ክፍያዋም ዘገየ። አፍራ ለማንም አልተናገረችም፤ ስለዚህ ከሳምንታዊው ስብሰባ ቀረች። ሁለት ሳምንት ስትቀር የቡድኗ አባላት ቤቷ ሄዱ፤ ቡና አፍልታ ሁሉን ነገረቻቸው። ስለዚህ የመክፈያ ጊዜዋ ተራዘመ፣ ሁለት ጎረቤቶቿም ተራ በተራ ምጣዳቸውን አዋሷት። ስለዚህ ዕዳዋን ጨረሰች። ዛሬ ከስብሰባ የቀረች ሴት ስትኖር ቀድማ በሯን የምታንኳኳው እርሷ ናት።

በመጀመሪያው ጽሑፍ ጀግናው ብድሩ ነው። በሁለተኛው ብድሩ አለ፣ ቁጠባዋ አለ፣ ማፈሯ አለ፣ ጎረቤቶቿ አሉ። ገንዘቡ አንድ ነው፤ ሴትየዋ ግን ሌላ ናት። ሁለተኛውን የሚያነብ ሌላ ቡድን ደግሞ የቀረች አባል ቤት መሄድ እንዳለበት ይማርበታል። ከመጀመሪያው የሚማረው መጠበቅን ብቻ ነው።

ስለዚህ እስክሪብቶ ስታነሡ አራት ነገር ጠይቁ። እኔ ያደረግሁት ምንድን ነው? እርሱስ ምን አስከተለ? የደበቅሁት ወይም የከበደኝ የቱ ላይ ነበር? ያኔ ከጎኔ ማን ማን ቆመ? ለእነዚህ የምትመልሰው መልስ ያላት ሴት ሁሉ ታሪክ አላት። መጻፍ ለሚከብዳት የሚጽፍላት አባል እንመድባለን፤ ተጽፎ ሲያልቅ ግን ተነቦላት እርሷ ሳትፈቅድ አይታተምም። ያለፈቃዱ የዳነው ሰው መክሰሱን አንርሳ።

ለራሳችንም ለደጋፊዎቻችንም የምንለው አንድ ነገር አለ። ሪፖርት ስንጽፍ ችግራችንን ከልኩ በላይ አግዝፈን መፍትሔያችንን ለማሳመር ልንፈተን እንችላለን። ያ የሲንድሮም መንገድ ነው። እናንተም የተቃጠለውን ምጣድ፣ የዘገየውን ክፍያ በሪፖርታችን ውስጥ ስታገኙ አትደንግጡ። ያልተደበቀ ሒሳብ መሆኑ ነውና ይልቁን እመኑን። እርዳታችሁ በታሪካችን ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ከእኛ ጋር ተራ ይዞ ነው፣ መቆጣጠሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እንደ አንዱ እጅ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ አባቶቻችንና እናቶቻችን። ለቀጣዩ እትም የእያንዳንዳችሁን አንድ አንድ ሎሚ እንጠብቃለን።