ጾምና የጓዳችን በረከት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ነቢዩ ዳንኤል ከሦስቱ ባልንጀሮቹ ጋራ በባቢሎን ሳለ የንጉሡን ማዕድ ትቶ ጥራጥሬና ውኃ ይሰጡት ዘንድ ለመነ፤ ከ10 ቀንም በኋላ መልካቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ተገኘ። እንግዲህ ከጥሉላት የሚከለከል ሰው ሰውነቱን የግድ ያጎሳቁላል ማለት አይደለም።

እኛም በምዕራብ ጎጃም የምንኖር የዳንኤልን ማዕድ ከሩቅ አንፈልገውም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው አገር ጤፉን፥ ዳጉሳውን፥ በቆሎውን፥ ባቄላውን፥ ኑጉንና ግብጦውን ያበቅላል። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 46 ያህሉ ቀጭጨው ተገኙ። ጎተራው ሙሉ ሳለ ሕፃኑ ስለ ምን ይቀጭጫል? በሽታውም፥ የንጹሕ ውኃ እጦቱም ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ባቄላውና እንቁላሉ ወደ ገበያ ሄዶ፥ በገበታው ላይ እንጀራና በርበሬ ብቻ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ በጾም ወራት እንጀራ ያለ ሽሮ፥ ያለ ክክ ወይም ያለ ምስር አይቅረብ፤ እህልና ጥራጥሬ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላልና። ጎመንና ዱባ በዘይት ሲሠሩ ለዓይን ብርሃን የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ጥራጥሬን መዘፍዘፍና ማብቀል፥ ሊጥንም ማቡካት ብረትንና ዚንክን ለሰውነት ያቀልላል። በምግቡ ላይ ሎሚ ቢጨመር ብረቱ ይበልጥ ይዋሐዳል፤ ቡና ግን ከማዕድ ጋራ ሲጠጣ ይህን ያሰናክላልና ጥቂት ይቈይ። ጨውም አዮዲን ያለበት ይሁን፤ እንቅርትን ይከላከላልና።

ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ግን ከአትክልትና ከእህል አይገኝም፤ የሚገኘው ከወተት፥ ከእንቁላል፥ ከሥጋና ከዓሣ ነው። ጤናማ ሰው በፍስክ ጊዜ ያገኘውን ጕበቱ ስለሚያከማች በጾም ወራት ይጠቀምበታል። ስለዚህ ፍስክ በደረሰ ጊዜ ወተቱንና እንቁላሉን ሁሉ አትሽጡ፤ ለቤተ ሰባችሁም አስቀሩ።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፥ ሕመምተኛና ሕፃን ግን እንደ ጤናማው ሰው አይታዩም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛውን ከግዴታ ያወጣዋል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃንም ጾም አይታዘዝበትም። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶችም የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፤ አባቶች ለእነርሱ የሚራሩት የሚመግቡት ሁለት ነፍስ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። አንዳንድ እናቶች ግን ዕቃችን ይነካብናል ብለው በዐቢይ ጾም ለሕፃኑ ወተትና እንቁላል ሳይሰጡት ይቀራሉ። እናቶቼ ሆይ፤ አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለሕፃኑ ብቻ ለዩለት፤ የእናንተም ጾም አይፈርስም፥ ሕፃኑም አይራብም። አባቶችም ይህን የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ እህሉን የምትሸጡ እናንተ ናችሁና።

ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቍረስ እንደ ሆነ ያስተምረናል። የተራበውን በደጅ ከመፈለጋችን አስቀድመን በጓዳችን እንየው፤ እርሱም ምናልባት የራሳችን ልጅ ነው።

ጾማችንን ይቀበልልን፤ ልጆቻችንን በጸጋና በጤና ያሳድግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።