የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ አመራረጥ በደብረ ታቦር ደጋ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከጉና ተራራ የሚነሣው የጉማራ ወንዝ የወንዛዬን ፍል ውኃ አካባቢ አልፎ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ከጣና ይገባል። በዚህ በአንዱ ወንዝ ተፋሰስ ሌሊቱ የሚያንዘፈዝፍ ደጋና ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ ጎረቤታሞች ናቸው። በደብረ ታቦርና በአካባቢው ለሚሠራ የዶሮ ቤት የትኛው ጉዝጓዝ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከዚሁ ጉርብትና ነው።

ጉዝጓዝ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ለዶሮዋ የሚነጠፍ ፍራሽ ነው። ዋናው ሥራው ግን ውኃን ተቀብሎ መልሶ ለአየር መስጠት ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 ግራም የማያንስ ኩስ ትጥላለች፤ ከዚህም ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ነው። ስለዚህ መቶ ዶሮ ያለበት ወለል፣ ከመጠጫው የሚፈሰው ሳይቆጠር፣ በየቀኑ ሰባት ሊትር ያህል ውኃ ይቀበላል። በቆላ ይህ በሙቀቱ ይተናል። 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ታቦር ግን ባለቤቱ ብርዱን ፈርቶ መስኮቱን ይደፍናል፤ እንፋሎቱም ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሲደርስ ጠል ሆኖ ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል። ከእርጥቡ ኩስ የሚወጣው አሞንያ የዶሮዎቹን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያም የሚመቸው እርጥብ ወለል ነው። በብድር የተገዙ መቶ ቄቦች በአንድ ክረምት ሊያልቁ ይችላሉ፤ ብድሩ ግን ይቀራል።

ለአካባቢው ሰው ቅርብ የሆነው የጤፍ ጭድ ነው። ውኃን በሚገባ ይመጣል፤ ይሁን እንጂ ደቃቅና ለስላሳ በመሆኑ ከኩሱ ጋር ተጋግሮ እንደ ምርጊት ይጠነክራል። ለግድግዳ ጭቃ የሚመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። በዚያ ላይ የከብት ቀለብ ነውና በክረምት ከላም አፍ ነጥቆ ወለል ላይ መበተን የቤቱን ሂሳብ ያዛባል። የስንዴና የገብስ ገለባ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተደርጎ ከተቆረጠ ያገለግላል፤ ዝናብ ያገኘው ግን ይሻግታል፣ ሻጋታውም የጫጩት ሳንባ ይገድላል። ሰጋቱራ አቧራው ይበዛል፣ ጫጩቶችም መኖ መስሏቸው ይለቅሙታል። በመላጊያ የሚወጣው ሻካራው የእንጨት ቅርፊት ይመረጣል፤ እንጨቱ በመድኃኒት የተነከረ ከሆነ ግን ይቅር።

ከሁሉ የሚሻለው የሩዝ ገለፈት ነው። በፎገራ የሩዝ እርሻ የተጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተወቃው ሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛው ያህል ገለፈት ነው። ገለፈት እንደ ጭድ ብዙ ውኃ አይጠጣም፤ ሆኖም አየር ስለሚያሳልፍ ቶሎ ይደርቃል፣ አይጋገርምም። ከብትም አይሻማበትም። ለመቶ ዶሮ 20 ካሬ ሜትር ወለል ቢያዝና ስምንት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢነጠፍ የሚያስፈልገው 1.6 ሜትር ኩብ ነው። የአንድ ሜትር ኩብ ገለፈት ክብደት ወደ 100 ኪሎ ስለሆነ በጠቅላላው 160 ኪሎ፣ ማለትም አሥራ ሁለት የኩንታል ጆንያ ያህል ይሆናል። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ጭነቱን የሚያስወድደው ክብደቱ ሳይሆን የሚይዘው ቦታ ነው፤ ባዶ ወደ ደጋ የሚመለስ መኪና መጠበቅ ያዋጣል።

ነገር ግን ገለፈት ሁሉ አንድ አይደለም። ትንንሾቹ መፈልፈያዎች በአንድ ዙር ስለሚፈለፍሉ ገለፈቱን ይፈጩትና ከፉርሽካው ጋር ይቀላቅሉታል። እንዲህ ያለው ዱቄታም ስለሆነ አይጥ ይጠራል፣ ሻጋታም ያበቅላል። ገዢው ጆንያውን ከፍቶ እጁን አስገብቶ ማየት፣ ዱቄቱ ከበዛም በወንፊት መንፋት ይኖርበታል።

የቱም ጉዝጓዝ ቢመረጥ ከጣሪያው ሥር ያለው የወንፊት ሽቦ ክፍተት በብርድ ምክንያት መደፈን የለበትም፤ ነፋሱ በዶሮዎቹ ላይ በቀጥታ እንዳይነፍስ ማድረግ ይበቃል። የወለሉን ሁኔታ ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። ከመጠጫው አጠገብ አንድ እፍኝ አንሥቶ መጨበጥ ነው፦ እጅ ሲከፈት እንደ ጭብጦ ከቆየ እርጥበቱ በዝቷልና ያን ቦታ አውጥቶ መተካት፣ የቀረውንም መገልበጥ ይገባል፤ ላላ ብሎ ከተበተነ ደኅና ነው፤ እንደ አቧራ ከቦነነ ከመጠን በላይ ደርቋል።

የገለፈት አንዱ ጉድለት ቀስ ብሎ መበስበሱ ነው። ከዶሮ ቤት ሲወጣ ወደ ድንች ማሳ ከመግባቱ በፊት ለወራት ተከምሮ መቆየት አለበት፤ በዚህ ረገድ የጤፍ ጭድ ይቀድመዋል።