ለፈረሱም ለፈረሰኛውም ዝግጅት ያስፈልጋል



በአዊ ዞን በእንጅባራ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነበር። በዚያ ዘመን የጀግና ስሙ የፈረሱ ስም ነው፤ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ ነበሩ ማለት ነው።

ከሱዳን የሚሄዱ ልጆቻችን ግን ከአውቶቡስ በወረዱ ማግስት ኮርቻ ላይ መውጣት ይፈልጋሉ። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ ጥቂት ቀን ይረፉ፣ ዳገት በእግራቸው ይውጡ፣ ጭንና ወገባቸውን ያጠንክሩ። ፈረሰኛን የሚይዘው የወገቡ ሚዛን እንጂ ዛብ መሳብ አይደለም።

ፈረሱም እንዲሁ ነው። በአዊ ፈረስ ያርሳል። ሲያርስ የከረመ ፈረስ በአንድ ቀን ለጉግስ አይደርስም። ለሳምንታት መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ በመጨረሻ በግልቢያ ይለማመዳል። ከሩጫ በኋላም ትንፋሹ እስኪመለስ ቀስ እያሉ ማንሸራሸር ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው መንፈስ ነው። ፈረስ የጋላቢውን ፍርሃት ከጭኑና ከእጁ ያውቃል፤ እሱም ይደነግጣል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በካርቱም የተኩስ ድምፅ የሰሙ ልጆች አሉን። በበዓል ጩኸት መሐል ቢሸበሩ አይፈረድባቸውም። አስቀድመው የፈረሱን አንገት ይደባብሱ፣ ሣር ያጉርሱት፣ በስሙ ይጥሩት። ሁለቱም ሲረጋጉ ይውጡ።

ወላጆች ሆይ፣ አታቻኩሏቸው። በዓሉ በየዓመቱ ይመጣል።